«አንቺ» የተባልኩባቸው ዓመታት

እናቴ አንድ ጊዜ እንኳ «አንተ» ብላ ሳትጠራኝ ነው ጉርምስና የደረሰብኝ። «ነይ»፣ «ብዪ»፣ «ተኚ»፣ «እግርሽን ታጠቢ»፤ በቤታችን የምጠራበት ቋንቋ ይህ ነበር። ወንድ ነኝ። ያኔም ወንድ ነበርኩ። እሷም ታውቃለች፣ ጎረቤቱም ያውቃል፣ ውሻችንም ሳያውቅ አይቀርም። ነገር ግን ወንድነቴ በቤታችን ጉድጓድ ውስጥ እንደተቀበረ ማሽላ ነበር፤ ሁሉም ያለበትን ቦታ ያውቃል፣ ማንም ጮክ ብሎ አያነሳውም።

ምክንያቱ ሾተላይ ነው። ከኔ በፊት እናቴ አንዲት ሴትና ሦስት ወንዶች ወልዳ ነበር። እህቴ አደገች፣ ኋላም ጎብዬ ከተማ ተዳረች። ወንዶቹ ግን ዓይናቸው ቢጫ እየሆነ፣ ክርስትና እንኳ ሳይነሱ ተቀበሩ። መንደሩም ፍርዱን ሰጠ፤ እሷ ላይ ያለው ሾተላይ የሚበላው ወንድ ነው ተባለ። ዛሬ ሐኪሞች ሾተላይ ማለት የእናትና የፅንስ ደም አለመስማማት ነው ይላሉ። የመጀመሪያው ልጅ ብዙ ጊዜ ያመልጣል፣ ተከታዮቹ ይጎዳሉ፣ ደሙ የእናቱን ደም የመሰለ ልጅ ከመጣ ደግሞ ይተርፋል። የኔ ደም ከእናቴ ወገን መሆኑን ያወቅሁት ጎልምሼ፣ ሆስፒታል ደም ስሰጥ ነው። እንግዲህ ያዳነኝ ቀሚስ አልነበረም ማለት ነው። እናቴ ይህን ሳትሰማ ሞተች፤ ብትሰማም ቀሚሱን ቶሎ የምታወልቅልኝ አይመስለኝም። ሦስት ልጅ የቀበረች ሴት ሐኪም ስለተናገረ ብቻ አታርፍም።

ስወለድ አዋላጅዋ እልል ያለችው ለሴት የሚባለውን ያህል ብቻ ነው። ለወንድ እልልታው ይበዛል፤ እሷ ግን ከመሃል አቋረጠችው። አባቴ ደጅ ቆሞ ይሰማ ነበርና ሴት ተወለደች ብሎ ወደ እርሻው ሄደ። እውነቱን የነገሩት ሲመለስ ነው፤ ያውም በጆሮው። የእህቴ አሮጌ ቀሚስ ተሰፍቶ ለኔ ሆነ፣ ጸጉሬ ተሠራ፣ አንድ ጆሮዬ ተበሳ። እንዲህ ያለው ነገር በኛ አገር ያልታየ አልነበረም፤ ልጅ የሞተበት ቤት ሁሉ የየራሱ ዘዴ አለው። የሌሎቹ ግን ልጁ ድክ ድክ ሲል ያበቃል። የእናቴ አላበቃም።

እናቴ ያንን ነገር በስሙ ጠርታው አታውቅም። «ያ» ነበር የምትለው። «ያ» እንደ ቡዳ ዓይን የለውም፤ ያለው ጆሮ ብቻ ነው ብላ ታምን ነበር። በየቤቱ ደጃፍ ቆሞ ያዳምጣል፣ ወንድ ልጅ ሲጠራ ከሰማ ይገባል። ስለዚህ ቀሚሱ ለሰው ነበር፣ ረስቶ ወንድ ብሎ እንዳይጠራኝ፤ ቃሉ ግን ለሱ። አንድ ቀን፣ ገና ቀሚስ ለባሽ ሳለሁ፣ እኩያዬ የሆነው የአጎቴ ልጅ ግቢያችን ውስጥ ስንጫወት ረስቶ «አንተ! ያዛት!» ብሎ ጮኸ፤ ኳሷን ማለቱ ነው። እናቴ ከቤት ወጥታ ስትሮጥ ትዝ ይለኛል። ሁለት ጆሮዬን በሁለት እጇ ደፍና፣ ወደ ማሽላው አዝመራ ፊቷን አዙራ፣ «ሴት ናት! ሴት ናት!» ትል ጀመር። ማሽላው ውስጥ ማንም አልነበረም። እጆቿ ጆሮዬ ላይ ይንቀጠቀጡ ነበር። ከዚያ በፊት የምፈራው ጅብ ብቻ ነበር፤ ከዚያ ቀን በኋላ ግን ማሽላው በነፋስ በተንሿሿ ቁጥር ልቤ ድው ይል ጀመር።

አማርኛችን ደግሞ በዚህ ነገር አያዝንም። ሰው ውሃ እንዲያቀብልህ ለመጠየቅ እንኳ መጀመሪያ ወንድ ነው ሴት ብለህ መቁረጥ አለብህ። መሸሸጊያው «እኔ» ብቻ ነው። «በላሁ»፣ «ሮጥኩ»፣ «ፈራሁ» ሲባል ወንዱም ሴቷም እኩል ናቸው። ስለ ራሴ ሳወራ የሚነካኝ አልነበረም፤ ሌላው ሰው አፉን ሲከፍት ነበር የምሳቀቀው። በሽማግሌዎች እቀና ነበር። «አንቱ» የተባለ ሰው ወንድ ይሁን ሴት ቃሉ አይናገርበትም። ቶሎ አርጅቼ አንቱ በተባልኩ እያልኩ እመኝ ነበር። ይኸው ዛሬ ተሳካልኝ፤ የጉልበት ሕመሙም አብሮ መጣ።

ትምህርት ቤት ልገባ ስል አባቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እግሩን ተከለ። ቀሚስ ለብሶ ቆቦ ትምህርት ቤት የሚሄድ ወንድ ልጅ የለኝም አለ፤ ያውም በሹክሹክታ ነው ያለው፣ «ያ» እንዳይሰማ። እናቴ አንድ ቀን ሙሉ አለቀሰች። በመጨረሻ ጸጉሬን ራሷ ላጨችኝና ቁምጣ አለበሰችኝ። «ልብሱን ውሰዱ» አለች። «ቃሉን ግን እንዳትነኩብኝ።»

ከዚያ ወዲያ ሁለት ሰው ሆንኩ። ከቤታችን ወደ መንገድ ስትወጡ አንድ የቁርቁራ ዛፍ አለ። ከዛፉ ወዲያ «አንተ» ነኝ፣ ከዛፉ ወዲህ «አንቺ»። ጠዋት ጠዋት የአጎቴ ልጅ ዛፉ ስር ይጠብቀኝና «መጣሽ? እንግዲህ ና!» ይለኛል። እኔም እስቅለታለሁ። ውስጤ ግን አይስቅም ነበር።

እንዲህ እያልኩ ትልልቆቹ ክፍሎች ደረስኩ። የአጎቴ ልጅ በአንድ ክረምት ተመዘዘ። ድምፁ ጎረነነ፣ ከንፈሩ ላይ ጭረት የሚያህል ጢም ወጣ፣ ላብ ላብም ይሸት ጀመር። እኔ የነበርኩት ነኝ። ድምፄ የእህቴ ድምፅ ነው፤ ከጓሮ ስጣራ ሰው እህቴ ከጎብዬ መጣች እንዴ ይላል። ገንቦ ውስጥ ያለ ውሃ ላይ አጎንብሼ ከንፈሬን አያለሁ። ምንም የለም። ማንንም ልጠይቅ አልደፈርኩም።

የሳይንስ መምህራችን ከደሴ የመጣ ወጣት ነበር። ሸሚዙን ሁልጊዜ ሱሪው ውስጥ የሚከትት፣ ጠመኔ ሲነካ እጁን በመሐረብ የሚጠርግ ሰው ነው። አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ የሰው አካል ሣለና እጢዎችን ያሳየን ጀመር። ወንድን ጎረምሳ፣ ሴትን ኮረዳ የሚያደርግ ነገር ከእጢ ወደ ደም ይፈስሳል፤ ሆርሞን ይባላል አለ። የገበሬ ልጆች መሆናችንን ያውቃልና ወደ ከብት ወሰደን። «ወይፈን ሳይጠና ቢኮላሽ ምን ይሆናል?» ሲል ጠየቀ። ሁሉም እጁን አወጣ። አንገቱ አይወፍርም፣ ሻኛው አይቆምም፣ ጊደር ብታልፍ ቀና ብሎ አያያትም። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። «አያችሁ፣ ምንጩ ሲዘጋ ደሙ ውስጥ የሚሄደው ነገር ይቀራል» አለ መምህሩ። የአጎቴ ልጅ ዞሮ አየኝ። ክፉ ልጅ አልነበረም፤ ብቻ አየኝ። እኔ ግን ላብ አጠመቀኝ።

ያን ቀን ቤት ስደርስ በቀጥታ የሄድኩት ወደ አባቴ በሬዎች ነው። ጥንድ ሰንጋ ነበሩ፤ ሲጠምዷቸው እሺ፣ ሲፈቷቸው እሺ። ቆሜ አየኋቸው። ሰው እንደ ወይፈን በድንጋይ ተቀጥቅጦ ብቻ ነው የሚኮላሸው ያለ ማነው አልኩ በልቤ። በቃልስ? ከተወለድኩ ጀምሮ በየቀኑ፣ ለምግብ ስቀርብም ስተኛም፣ «አንቺ» ሲባል ደሜ ሰምቶ አምኖ ቢሆንስ? እናቴ ከሞት ልታድነኝ ብላ ምንጩን ዘግታው ቢሆንስ? ከአንደኛው በሬ ፊት ላይ ዝንብ አባረርኩለትና እንባዬ መጣ። ፍርሃት ብቻ አልነበረም፤ እናቴ ላይ ተናድጄም ነበር።

ፍርሃቱን ለብቻዬ ተሸክሜው ከረምኩና አንድ ቀን ልጆቹ ሁሉ ከወጡ በኋላ መምህሩ ጋ ቀረሁ።

«መምህር፣ አንድ ሰው… ወንድ ሆኖ፣ ሴት እየተባለ ቢያድግ፣ ደሙ ይለወጣል?»

ጠመኔውን አስቀመጠ። «ማነው እሱ?»

«ሰው ነው።»

ድምፄን ሰምቶ ገብቶት ይሆናል። አልሳቀብኝም፤ ለዚህ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ። «ስማኝ» አለኝ፤ «ደም ጆሮ የለውም። አንዱ ቶሎ ይደርሳል፣ አንዱ ይዘገያል እንጂ ሰው ምንም ቢለው ደሙ የራሱን ነው የሚሠራው።» ዝም ብሎ ቢተወው ጥሩ ነበር። ግን ሐቀኛ ሰው ነበርና ጨመረበት። «በባሕር ማዶ ያሉት ሊቃውንት ግን ገና ይከራከራሉ። ወንድነትና ሴትነት ከተፈጥሮ ነው የሚሉ አሉ፣ ከአስተዳደግ ነው የሚሉም አሉ። እኔ የማውቀው መጽሐፉ ያለውን ያህል ነው።»

የመጀመሪያውን ይዤ፣ ሁለተኛውን ልረሳ እየታገልኩ ወደ ቤት መንገድ ጀመርኩ። ደም ጆሮ የለውም። ደም ጆሮ የለውም። ደስ እያለኝ የቁርቁራው ዛፍ ስር ስደርስ ቆምኩ። ደም ጆሮ ከሌለው እናቴን አልሰማትም ማለት ነው። አንድ ቀን ድምፄን ያጎረንነዋል። የእናቴ ጠላት ደግሞ ጆሮ ብቻ ነው። ሲሰማኝስ?

ከዚያ በኋላ ፍርሃቴ ሁለት ሆነ። ድምፄ ካልተለወጠ እንደ አባቴ በሬ ሆኜ ልቀር ነው። ከተለወጠ ደግሞ ወንድሞቼ ወዳሉበት ልሄድ ነው። ትምህርት ቤት ሳለሁ የመጀመሪያውን እፈራለሁ፤ ከዛፉ ወዲህ ስሻገር ሁለተኛውን። ሳይንስ የተማረ ልጅ በዚህ ያምናል ወይ የሚለኝ ሰው ካለ፣ እናቱ ጆሮውን ደፍና ስትንቀጠቀጥ ያላየ ሰው ነው።

በክረምቱ ጎርፍ መጣ። በኛ አገር ጠለፋ ሲባል ሌላው ሰው ኮረዳ መጥለፍ ይመስለዋል፤ እኛ ግን የምንጠልፈው ጎርፍ ነው። ዝናቡ የሚጥለው ከበላያችን ደጋው ላይ ነው። እኛ ሜዳው ላይ ፀሐይ እየመታን፣ ደረቁ የወንዝ አሸዋ ላይ ድንገት ውሃ ይወርዳል። ከመውረዱ በፊት ወንዶቹ አሸዋው ውስጥ ገብተው በቅርንጫፍና በአፈር ይገድባሉ፣ ውሃው ወደ ማሽላው እንዲዞር። ሥራው ከሞት ጋር ጨዋታ ነው፤ ስለዚህ ጠባቂ ይቆማል። ከላይ በሩቁ ያሉት ሰዎች ውሃውን ሲያዩ ይጮሃሉ፤ ይህ ማለት ገና ጊዜ አለ፣ ፍጠኑ ማለት ነው። የመጨረሻው እጥፋት ላይ የሚቆመው የየቤቱ ልጅ ሲጮህ ግን ያለውን ጥሎ መውጣት ነው። የአባቴ የመጨረሻ ጠባቂ እኔ ነበርኩ። ቀጭን ድምፄን ወንዙ ዳር ያለ ሁሉ ያውቀዋል።

ፀሐይዋ ዘንበል ስትል ነበር። ደጋው ጠቁሯል። አባቴና እርሻው ከኛ ጋር የሚዋሰን እስላም ጎረቤታችን ጎንበስ ብለው ይገድባሉ። መጀመሪያ ሽታው መጣ፣ የእርጥብ አፈር ሽታ። ከዚያ እጥፋቱ ላይ ቡናማው ውሃ ግንድና ድንጋይ እየገፋ ብቅ አለ።

«ጎርፍ! ጎርፍ መጣ!»

ማን ጮኸ ብዬ ዘወር አልኩ። ከኋላዬ ሰው የለም። ከኔ አፍ የወጣ የወንድ ድምፅ ነበር፤ ወፍራም፣ መሃሉ የተሰነጠቀ። ታች አባቴ ቀና ብሎ አዳመጠና ተመልሶ ጎንበስ አለ። ከላይኞቹ ሰዎች አንዱ የጮኸ መስሎታል። ገና ጊዜ አለ ብሎ አካፋውን አነሳ።

ደግሜ ጮህኩ። ያው ድምፅ ነው። ጎረቤታችን እጁን ወደ ላይ አወዛወዘ፤ ሰምተናል፣ እንፈጥናለን ማለቱ ነበር። ውሃው ከኔ ፊት አለፈ። ጉሮሮዬን በእጄ ጨመቅሁት። ከሕፃንነቴ ጀምሮ የማውቀውን ድምፅ ካለበት ፈልጌ አወጣሁት፤ ቀጭን፣ የሴት ልጅ ጩኸት።

«አባዬ! ውጣ! አባዬ!»

አካፋውን ጥሎ ዘለለ። ጎረቤታችን ቀድሞ ወጥቶ ስለነበር ክንዱን ይዞ ጎተተው። ውሃው ግድቡን፣ አካፋውንና የአባቴን ጋቢ ይዞ ሄደ። አባቴ ጉልበቱ እየደማ ዳሩ ላይ ተቀመጠ።

«አልሐምዱሊላህ!» አለ ጎረቤታችን እያለከለከ። «ልጂቱ ባትጮህ ኑሮ አልቆልን ነበር!»

አባቴ ወደኔ አየ። «ፊተኛው ጩኸትስ የማን ነበር?»

«የኔ» አልኩ። ወፍራሙ ነው የወጣው።

ጎረቤታችን ጭንቀቱን ሁሉ ረስቶ ሳቀ። «ማሻአላህ! ይኼማ ጎርምሷል!» አባቴ አልሳቀም። ተነስቶ አጠገቤ መጣና በዝግታ፣ «እናትህ ፊት እንዳትናገር» አለኝ። የአባቴ ዓይን ውስጥ ፍርሃት ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ጎርፉ ሲመጣ እንኳ አላየሁበትም ነበር።

ቤት ገብቼ ዝም አልኩ። ግን እናትን በዝምታ ማታለል አይቻልም። «ምነው ዝም አልሽ? ምን ነካሽ? ኧረ ተናገሪ ልጄ!» ራሴን ነቀነቅሁ። «ልሳንሽ ተዘጋ እንዴ? እኔን! እኔን!» ማልቀስ ስትጀምር አላስቻለኝም።

«ደህና ነኝ እማ።»

የያዘችው ቅል ከእጇ ወደቀ። አፌን በመዳፏ ደፈነችው፣ ደጁን አየች፣ ከዚያ ተነስታ በሩን ዘጋች። ለረጅም ጊዜ ያዳመጠች ይመስለኛል። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታችን የሚወራው በሹክሹክታ ሆነ። እኔ ብቻ አይደለሁም፤ አባቴም፣ እሷም። ትምህርት ቤት ሲከፈትም እዚያ ሳይቀር ቃል አይውጣሽ አለችኝ። መምህሩ ሲጠይቀኝ ሰሌዳው ላይ እየጻፍኩ መለስኩ። ለካ ደሜ ደህና ነበር፤ ለካ በሬ አልሆንኩም። የናፈቅሁት ነገር መጥቶልኝ ደስ ሊለኝ አልቻለም።

ዝናቡ ሲያበቃ የጎርፉ ውሃ በየጉድጓዱ ተኛ፤ ወባም ተከተለ። በየዓመቱ ከየቤቱ ሰው ይወስድ ነበር። እኔን የያዘኝ ማሽላው እሸት ሲሆን ነው። ብርዱ አጥንቴ ውስጥ ገባ፣ ከዚያ እሳቱ። ለእናቴ ወባ አልነበረም። «ያ» ነበር። ሰምቶ መጣ። ደጃፉ ላይ ቆማ ያላትን ኃይል ሁሉ ሰብስባ ትጮህ ነበር፦ «ልጄ ታማለች! ሴት ልጄ ታማለች! ሴት ናት!» ከዚያ ተመልሳ ራሴን ታፋዋ ላይ አድርጋ «እኔን፣ እኔን» ትላለች። እኛ ዘንድ ይህ ቃል ማንም ሰው እንቅፋት ሲመታው የሚባል ነው፤ ባንተ የደረሰው በኔ ይሁን ማለት ነው። እናቴ ግን የምሯን ነበር። በሙሉ ልቧ፣ እሷን ተውና እኔን ውሰድ እያለች ትለምን ነበር።

አባቴ በበቅሎ ጭኖ ቆቦ ክሊኒክ ወሰደኝ፤ እናቴ ከጎን ይዛኝ በእግሯ ሄደች። ደጁ በበሽተኛ ሞልቷል። አባቴ በቅሎዋን ሊያስር ወደ ኋላ ቀረ። ድሬሰሩ፣ የክሊኒኩ ሕክምና ረዳት፣ ነጭ ጋዋኑን ለብሶ ብቅ አለና ማን ይብሳል ብሎ ጠየቀ።

«ልጄ ታማለች ጌታዬ» አለች እናቴ። «እያቃጠላት ነው፤ ልትሞትብኝ ነው።»

«በሉ የታመመችው ልጅ ትግባ!» አለ። እናቴ አቅፋ አስነሳችኝ። ድሬሰሩ ከኔ አልፎ ከኋላችን ተመለከተ። «ልጅቷስ?»

«ይችው ናት።»

ጋቢውን ከፊቴ ገለጠው። ያኔ ከንፈሬ ላይ ጢም ማጎንቆል ጀምሯል። «ይኼ ወንድሟ ነው። እናቴ፣ ሰው ተሰልፏል፤ ታማሚዋን ይዘው ይምጡ» ብሎ ሕፃን ያቀፈ፣ ከዋጃ የመጣ ሰው አስገባና በሩን ሊዘጋ ዞረ። የሰከረች ወይም ያበደች መስላው ይሆናል፤ አልፈርድበትም። ልናገር ሞከርኩ። ለምዶብኝ ሹክሹክታ ብቻ ወጣ። ዓይኔ ላይ ጨለማ እየመጣ ነበር። እናቴን አየኋት። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለውም። በሩ ሊዘጋ ነው።

«እሱ ነው!»

ሰው ሁሉ ዞረ።

«ወንድ ነው! ልጄ ወንድ ነው፤ የታመመው እሱ ነው! አድኑልኝ!»

ይህን ብላ ነጠላዋን ከነራሷ ላዬ ላይ ጣለችው። በላዬ ተደፍታ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ጠበቀች። እኔም ጠበቅሁ። አሁን ነው አልኩ። ልቧ ጀርባዬ ላይ ሲመታ ይሰማኛል፤ የምተነፍስ መሆኔን ለማወቅ እሷም የኔን ልብ እያዳመጠች ነበር። ደጁ ጭጭ አለ፤ አንድ ሕፃን ብቻ ያለቅሳል። ሞት እንዲህ ቅርብ ሆኖ ተሰምቶኝ አያውቅም፣ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም።

«እናቴ፣ ይልቀቁትና መርፌውን ልውጋው» አለ ድሬሰሩ።

መርፌውን ተወጋሁ፣ ክኒኑንም ዋጥኩ። ትኩሳቱ ከብዙ ላብ በኋላ ለቀቀኝ። አንድ ጠዋት ስነቃ የእናቴ እጅ ደረቴ ላይ ነበር። ፊቷ ከስቷል። እጇን ሳታነሳ፣ ሰው የጋለ ምጣድ በጣቱ እንደሚነካ አድርጋ ቃሏን ሞከረችው።

«ደህና… አደርክ?»

«ደህና አደርኩ እማ።» በሙሉ ድምፄ ነው የመለስኩላት። ዓይኗን ጨፈነች። ምንም አልመጣም። ውጭ አባቴ በሬዎቹን ሲጠምድ ይሰማል።

ከዚያ ወዲያ «አንተ» አለችኝ። ሹክሹክታውም ቀረ። ግን ካለች በኋላ ሁልጊዜ ትንሽ ቆም ብላ ታዳምጥ ነበር። «ና ብላ» ትልና ፊቷን ወደ ደጁ መለስ ታደርጋለች። ሰው ቢያያት ነፋሱን የምትሰማ ይመስለዋል። እኔም አብሬ አዳምጣለሁ። ያልጠበቅሁት ነገር ደግሞ ከፋኝ። ስንት ዓመት ስጠላው የኖርኩት «አንቺ» ሲቀር መሸፈኛዬ የተነሳ፣ ደጅ ያደርኩ መሰለኝ። በዓለም ላይ ከእሷ በቀር እንዲያ ብሎ የሚጠራኝ ሰው አልነበረም፤ አሁን እሷም የለችበትም።

ከጥቂት ዓመት በኋላ መምህር ለመሆን ወደ ደሴ ሄድኩ። ሰውነት ስለሚያደርገውና ቃል ስለሚያደርገው ነገር ያስጨነቀኝን ጥያቄ ሌሎችን በማስተማር የምገላገለው መስሎኝ ነበር። አልተገላገልኩትም። አውቶቡሱ ቆቦ አደባባይ ላይ ቆሞ እናቴ የቆሎ ከረጢት በመስኮት ሰጠችኝ። ያን ሰሞን አንድ መኪና ገደል ገባ ተብሎ ተወርቶ ነበር፤ ከንፈሯ ደርቋል። «በደህና ግባ፣ ራስህን ጠብቅ» አለች፤ አሳምራ፣ ሳትሳሳት። ቆም ብላ አዳመጠች።

ሞተሩ ሲነሳ ግን ፊቷ ተለወጠ። ነጠላዋን ሰብስባ ከአውቶቡሱ ጎን መሮጥ ጀመረች። በሕዝቡ መሃል፣ ማሽላው ላይ ትጮህበት በነበረው በዚያ ድምፅ ጮኸች፦

«በደህና ግቢ! ልጄ፣ በደህና ግቢ! አደራሽን! እኔን!»

ተሳፋሪው ሁሉ አንገቱን እያዞረ ልጅቷን ፈለገ። በመስኮቱ አንገቴን አውጥቼ ጉሮሮዬን ጨመቅሁ፤ ያቺን ቀጭን ድምፅ፣ አባቴን ያወጣሁባትን፣ አንድ ጊዜ ላሰማት ፈለግሁ። «እሺ እማ!» ድምፄ እንቢ አለኝ። ወፍራሙ ወጣ፣ ሙሉ የወንድ ድምፅ፣ አደባባዩን ያዳረሰ። እናቴ መሮጧን አቆመች። እጇን አፏ ላይ አድርጋ፣ ራሷን ዘንበል አድርጋ፣ በአቧራው ውስጥ ቆማ ስታዳምጥ እስክትሰወርብኝ አየኋት።

አጠገቤ የተቀመጠው ነጋዴ ግራ ገብቶት መኪናውን ከፊት እስከ ኋላ ቃኘ። «ሴትዮዋ ማንን ነው የሚሸኙት?» አለኝ። «እዚህ ሴት ልጅ አላይም።»

«እኔን» አልኩት። «እኔን ነው።»